ሸኚ ያጣች ሴት

መቼም እኛ አገር እንግዳ በር ላይ አይሰናበትም። እስከ አጥሩ ይሸኛል። አጥሩ ጋ ሲደረስ «እስከ መታጠፊያው ልምጣ» ይባላል። መታጠፊያው ጋ ሲደረስ ደግሞ ዋናው ወሬ ገና ይጀመራል። አንዳንዱ ተሸኚ ሸኚው ብቻውን እንዳይመለስ ብሎ መልሶ ይሸኘዋል። እንዲህ ሲመላለሱ የነጋባቸው ሰዎች እናውቃለን። (እሺ፣ አጋነንን። የመሸባቸው እንበል።)

ይህን ልማድ ይዘን ስላደግን ይመስለናል አንድ የአሜሪካ ሮክ ዘፈን ገና እንደሰማነው ሆዳችን የገባው። ዘፈኑ ምሽት ላይ ሸኚ ስላጣች ሴት ነው። ስሙ «ድራይቭ» ሲሆን የተጫወተው ባንድ ደግሞ «ዘ ካርስ» ይባላል። «መኪኖቹ» የተባሉ ሰዎች «መንዳት» የሚል ዘፈን አወጡ ሲባል የጎማ ማስታወቂያ ይመስላል። አይደለም። ስለ ብቸኝነት ከተዘፈኑና እኛ ከምናውቃቸው ዘፈኖች መካከል እንዲህ ሳይጮህ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ጥቂት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የምንጠራቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። «77» ስንል ግን የኛው 77 ነው። እሱን ማንም አይስተውም።

«ድራይቭ» የወጣው በ1984 «ሃርትቢት ሲቲ» በተባለው አልበም ውስጥ ነው። ፕሮዲውሰሩ ሮበርት ጆን ላንግ ነበር፤ ኤሲዲሲንና ዴፍ ሌፐርድን ያስጮኸው ሰውዬ ማለት ነው። እዚህ ግን ማንንም አላስጮኸም። ጊታሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ቦታውን ለግሬግ ሆክስ ኪቦርድ ለቋል። ከበሮው እንቅልፍ የወሰደው ሰው ልብ ያህል ብቻ ይመታል። ከኋላ ብዙ ድምፆች ተደራርበው እንደ ጭጋግ ተኝተዋል። ከፊት አንድ ሰው ሳይቸኩል ይጠይቃል።

ይጠይቃል ነው ያልናችሁ። ዘፈኑ ከሞላ ጎደል ጥያቄ ብቻ ነው። ሴትየዋ ክፉ ነገር ላይ ናት፤ እሷ ግን ምንም እንዳልሆነች ለማስመሰል ትታገላለች። ሰውየው በዚያ ክፉ ሰዓቷ ማን አጠገቧ እንደሚሆን ደጋግሞ ይጠይቃል። እኛም ለዓመታት «ይሄ ሰው እንዴት ነው የሚያዝንላት!» እያልን አደነቅነው። የፍቅር ዘፈን ነው ብለን ለፍቅረኞቻችን የላክንም አለን።

አንድ ምሽት ግን ከአራታችን አንዱ ዘፈኑን አቋረጠና «ልብ ብላችኋል? ‘እኔ’ የለበትም» አለን። ምን ማለቱ ነው ብለን ከመጀመሪያው ሰማነው። እውነቱን ነው። ከዳር እስከ ዳር «እኔ» የሚል ቃል አይገኝም። ሰውየው ማን እንደሚደርስላት ይጠይቃል፣ ያዝናል፣ ይጨነቃል፤ «እኔ አለሁ» ግን አይልም። ቁልፉን ከኪሱ አያወጣም። ጓደኛችን ይህን ልብ ያለበት ምክንያት ነበረው። እንመለስበታለን።

የዘፈኑ ታሪክም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ግጥሙንም ዜማውንም የሠራው የባንዱ መሪ ሪክ ኦኬሴክ ነው። የዘፈነው ግን ቤዝ ተጫዋቹ ቤንጃሚን ኦር። ሁለቱ የተገናኙት በ1960ዎቹ ኦሃዮ ውስጥ ነው። ዘ ካርስ በ1976 ቦስተን ላይ እስኪመሠረት ድረስ እየተቋቋሙ የሚፈርሱ ባንዶች ውስጥ አብረው ተንከራተዋል። ኦኬሴክ ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሩን የማያወልቅ፣ ቀዝቃዛ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። የኦር ድምፅ ደግሞ ሞቅ ያለና ለስላሳ ነው። እናም ኦኬሴክ ጥያቄውን ጻፈና እንዲጠይቅለት ለጓደኛው ሰጠው። ጠያቂው እንኳን ጥያቄውን ለሌላ ሰው አሳለፈው ማለት ነው። ዘፈኑ አሜሪካ ውስጥ 3ኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ ባንዱ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ከዚህ ከፍ ብሎ አያውቅም።

ቪዲዮውን የዳይሬክት ያደረገው ተዋናዩ ቲሞቲ ሃተን ነው። ኦር ጭፈራ ቤት ውስጥ፣ የሱቅ መስኮት ላይ እንደሚቆሙት ዓይነት አሻንጉሊት ሰዎች መካከል ሆኖ ይዘፍናል። ከዘፈኑ ጋር ስንት ሰው ተሰብስቧል ስትሉ ሁሉም ፕላስቲክ ነው። ሴትየዋን ሆና የሠራችው የ19 ዓመቷ ሞዴል ፓውሊና ፖሪዝኮቫ ናት። ከኦኬሴክ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ ከዚያ ብቻዋን ክፍል ውስጥ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ዝም ትላለች።

ይህቺ ልጅ ብቸኝነትን ለመተወን ከሩቅ መበደር አላስፈለጋትም። የተወለደችው በ1965 ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ነው። በ1968 የሶቪየትና የአጋሮቿ ታንኮች ሲገቡ ወላጆቿ እሷን ከአያቷ ጋር ትተው ወደ ስዊድን ተሰደዱ። ሦስት ዓመቷ ነበር። ወላጆቿ ልጃቸውን ለማስመለስ ሲታገሉ የስዊድን ጋዜጦች ጉዳዩን ያዙት። ትንሿ ልጅ ሳታውቀው ባላየችው አገር ዝነኛ ሆነች። ከቤተሰቧ ጋር የተቀላቀለችው ከዓመታት በኋላ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ፣ ፎቶግራፏ በሰው አገር ሕዝብ ፊት፣ «ማን ይድረስላት?» የሚል ጩኸት። ይህን ያዙልን፤ ሌላ የሦስት ዓመት ልጅ እየመጣች ነው።

በኦክቶበር 1984 ቢቢሲ ከኮረም ያሰራጨው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ብዙም ሳይቆይ የካናዳው ሲቢሲ ጋዜጠኛ ብራያን ስቱዋርት ከመቀሌ የራሱን ዘገባ ላከ። በሱ ፊልም ውስጥ ዓይኗ ሊከደን የደረሰ የአንዲት ትንሽ ልጅ ፊት አለ። በኋላ ሲቢሲ ውስጥ ምስሎቹ ተቀናብረው አንድ ዘፈን ተለጠፈባቸው። ዘፈኑ «ድራይቭ» ነበር።

ጁላይ 13 ቀን 1985 ቦብ ጌልዶፍና ጓደኞቹ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ያዘጋጁት «ላይቭ ኤይድ» በለንደንና በፊላደልፊያ ስታዲየሞች ተካሄደ። ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው በቴሌቪዥን እንዳየው ይገመታል። ፊልሙን ቀድሞ ያየው ዴቪድ ቦዊ ከራሱ ጊዜ አንድ ዘፈን ሰርዞ ቦታውን ለፊልሙ ለቀቀ። ተጫውቶ ሲጨርስ ራሱ አስተዋወቀው። ዌምብሌይ ስታዲየም የነበረው 70 ሺህ ገደማ ሰው ዝም አለ። በትልቁ ስክሪን ላይ የኛ ሰዎች በኦር ለስላሳ ድምፅ ታጅበው ሲያልቁ ታዩ። ዘ ካርስም በዚያው ቀን ፊላደልፊያ ላይ ይህንኑ ዘፈን ተጫወቱት። ዘፈኑ እንግሊዝ ውስጥ እንደገና ተሸጠ፤ ገቢውም ለባንድ ኤይድ ፈንድ ሆነ።

እኛ ያን ፊልም ያየነው በዩቲዩብ ነው፤ አራታችን በአንዲት ስልክ ላይ ተደፍተን። አንዳችንም በ77 አልተወለድንም። ለኛ 77 እናቶቻችን ዘመን የሚለኩበት ምልክት ነው፤ «ከ77 በፊት»፣ «77 ላይ አክስትሽ» ይሉና ቀሪውን አይጨርሱትም። ፊልሙ ሲያልቅ ዝም አልን። ከዚያ ተናደድን። በማን እንደተናደድን ግን አናውቅም ነበር።

ለካስ የሴትየዋን ቦታ የወሰድነው እኛ ነን! ለአንዲት ሴት የተጻፈው ጥያቄ ዞሮ አንድ አገር ሙሉ ላይ ተደፋ። ሸኚ ያጣን፣ እንደተቸገርን እንኳን የማንናገር፣ ሌሎች ስለኛ «ማን» እያሉ የሚጠይቁልን ሆንን። እዚህ ላይ ግን ፍርደ ገምድል አንሁን። ፊልሙ እንደታየ ስልኮች ተጨናነቁ፤ የማያውቁን ሰዎች ከኪሳቸው አወጡ። ዘፋኙ ያልመለሰውን እነሱ ባቅማቸው መለሱ። ይህን ማቃለል ነውር ነው። ከሁሉ ቀድሞ «እኔ» ማለት የነበረበት መንግሥት በሴፕቴምበር 1984 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ እያከበረ ነበር። ድርቁን ረሃብ ካደረጉት ነገሮች መካከል ጦርነቱና የዚያው መንግሥት ፖሊሲ ነበሩበት። ስለዚህ ንዴታችን ላኪው ላይ ብቻ ቢያርፍ ቀላል ነበር። ግን አላረፈም።

ቆይተን የልጅቷን ታሪክ አነበብን። ብርሃን ወልዱ ትባላለች። በ1984 ሦስት ዓመት ገደማዋ ነበር። መቀሌ ውስጥ የረድኤት ጣቢያው ሠራተኞች የሚቀራት ደቂቃዎች ብቻ እንደሆኑ ተናገሩ። ቀብር ሁሉ ታስቦላት ነበር። ግን አልሞተችም። በአራት ደቂቃው ፊልምና በለስላሳው ዘፈን ውስጥ ያልተነገረን አንድ ነገር አለ፤ ልጅቷ ብቻዋን አልነበረችም። አባቷ ነበር። እስከ መቀሌ ያደረሳት እሱ ነው። ሁሉም ሲቆርጡላት ያልሄደው እሱ ነው። ነርሶችም ነበሩ። ዌምብሌይ ላይ 70 ሺህ ሰው «ማን?» የሚለውን ሲሰማ መልሱ ከወራት በፊት መቀሌ ላይ ተመልሶ ነበር። አንድ ገበሬ አባት ያለ ኪቦርድና ያለ ስታዲየም «እኔ» ብሎ ነበር።

ጁላይ 2 ቀን 2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ «ላይቭ 8» ሲካሄድ ያው ፊልም እንደገና ታየ። የልጅቷ ፊት ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ብርሃን ራሷ፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለች ቆንጆ ወጣት፣ የሀበሻ ልብስ ለብሳ መድረኩ ላይ ወጣች። ማዶና እጇን ይዛት ዘፈነች። ይህን ስናይ ከአራታችን ያላለቀሰ የለም። ከእንባው በኋላ ግን እንደ ልማዳችን ተከራከርን። አንዷ «እንደገና ለማሳያ አወጧት» አለች። ሌላው «በእግሯ ነው እኮ የወጣችው!» አለ። ሁለቱም እውነት ይመስለናል።

ከዘፈኑ ሰዎችስ ማን ቀረ? ዘ ካርስ በ1988 ፈረሰ። ኦኬሴክና ኦር ያ ሁሉ ዘመን አብረው ተንከራተው ሲያበቁ ተራራቁ። በ2000 ባንዱ ለአንድ ዘጋቢ ፊልም ቃለ ምልልስ ሲሰበሰብ ኦር በቆሽት ካንሰር ተይዞ ሰውነቱ አልቆ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ሞተ። 53 ዓመቱ ነበር። ኦኬሴክ በኋላ ስለሱ ዘፈን ሠራለት። ለሞተ ሰው ዘፈን መሥራት ለሕያው ሰው ስልክ ከመደወል ለምን እንደሚቀል ይህ ታሪክ አይነግረንም። እኛም ብንሆን መልሱ የለንም።

ፓውሊናስ? ቪዲዮው ላይ ከተጨቃጨቀችው ሰው ጋር በ1989 ተጋባች። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። በ2018 መለያየታቸውን አሳወቁ፤ ያም ሆኖ ከአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። በሴፕቴምበር 2019 ኦኬሴክ ቀዶ ጥገና አድርጎ ሲያገግም የምታስታምመው እሷ ነበረች። በ15ኛው ቀን ጠዋት ቡና ይዛለት ስትገባ ሞቶ አገኘችው። ኑዛዜው ሲከፈት ደግሞ «ትታኛለች» በሚል ምክንያት ከውርስ ነቅሏታል። ነገሩ በኋላ በስምምነት አልቋል። እኛን ግን የያዘን ሌላ ነው። ማን አጠገቧ እንደሚሆን የተጠየቀላት ሴት፣ በመጨረሻዋ ሌሊት አጠገቡ የነበረችው እሷ ሆና ተገኘች። ጥያቄውን የጻፈው ሰው መልሱ ቤቱ ውስጥ ቡና እያፈላ መሆኑን አላየም።

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ፤ «‘እኔ’ የለበትም» ወዳለን።

አምስተኛ ጓደኛ ነበረችን። ነበረችን ስንል አለች፤ የጠፋነው እኛ ነን። እናቷ ያረፉ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን አደርን። ንፍሮ አዞርን፣ ወንበር ተሸከምን፣ ካርታ ተጫወትን። ለቅሶ ላይ ማንም አይበልጠንም። ሠልስት ወጣ፣ ድንኳኑ ተነሳ፣ ዕድሩ ወንበሩን ጭኖ ሄደ። እሷ ከእናቷ ጋር ትኖርበት በነበረው ቤት ብቻዋን ቀረች። እኛ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ነበረን፤ እሷ የሌለችበት፣ ስለሷ የምንነጋገርበት።

ያን ምሽት ጓደኛችን ግሩፑን ከፍቶ ወደ ላይ እየሳበ ጮክ ብሎ አነበበልን። «ማን አገኛት?» «ደህና ናት ግን?» «ብቻዋን እኮ ናት፣ ማን ያድርላት?» «ለአርባው ማን ሄደ?» «ሥራ ጀመረች እንዴ፣ የሚያውቅ አለ?» ከየጥያቄው ሥር የሚያለቅስ ፊት፣ የተሰበረ ልብ፣ የተጣመረ እጅ። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ነው። ሁላችንም አዝነናል። ሁላችንም ጠይቀናል። አራት ወር ሙሉ ግን «እኔ እሄዳለሁ» የሚል አንድ መስመር የለም። ዘፈኑን አማርኛ አድርገን ጽፈነው ነበር።

መጠየቅ ከባድ ልማዳችን ነው። «ደህና ነህ? ደህና ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ቤት ሁሉ ሰላም?» ብለን መልሱ ሳይመጣ እንደገና «ደህና ነሽ?» እንላለን። ጥያቄውን ስለጠየቅን የሄድን ይመስለናል። ብቸኛ ሰው ጠያቂ ያጣ ሰው ነው ብለን እናስባለን። ጓደኛችን ግን ጠያቂ አላጣችም፤ አራት ጠያቂ ነበራት። ያጣችው ከአራቱ አንዱ ቁልፍ ይዞ ሲነሳ ማየት ነው። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» ስንልም መድኃኒቱ ራሱ ተራምዶ ካልሄደ መደርደሪያ ላይ እንደሚቀር እንረሳለን።

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ሄድን። ሙዝና ብርቱካን ይዘን፣ አራት ወር የዘገየ ፊት ይዘን። በሩን ስትከፍት ታለቅሳለች ብለን ነበር። «ጠፍታችሁ ጠፍታችሁ የመጣችሁት ቡና ሲደርስ ነው?» ብላ ሳቀች። እውነትም ቡና ቀርቦ ነበር፤ ለራሷ፣ ለአንድ ሰው፣ በትንሿ ጀበና። ትልቋን ጀበና ስታወጣ አቧራዋን ጠርጋ ነው። ያኔ ነው ሆዳችን የተላወሰው። ስለ ዘፈኑ ምንም አልነገርናትም። ይቅርታ ለመጠየቅ አንዳችን አፍ ስንከፍት «እጣኑን አቀብለኝ» አለችው።

ሲመሽ ተነሳን። ነጠላዋን ደርባ ተከተለችን። «ተመለሺ፣ ብርድ ነው» ብንላት «እስከ መታጠፊያው» አለች። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ስለ እናቷ ማውራት ጀመረች፤ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን አላነሳቻቸውም ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ሰማናት። ሦስት ታክሲ አለፈን። ከዚያ ብቻዋን እንዳትመለስ መልሰን ሸኘናት፤ በሯ ጋ ስንደርስ ደግሞ እሷ ልትሸኘን ተነሳች።

እናንተም ስለሱ ግሩፕ ከፍታችሁ የምትጠይቁለት አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ግሩፑን ዘግተነዋል። ዘፈኑን ግን ዛሬም እንሰማለን፤ ሰውየው ጥያቄውን ሲጨርስ አንዳችን «እኔ» እንላለን፤ ከዚያ ደግሞ ማን በየትኛው እሑድ እንደሚሄድ ተራ እንይዛለን።

በሰላም ግቡ።